ዜሮ የጻፍኩበት ቀበሌ

ግንቦት ሊያልቅ ሰሞን እንጅባራ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ገና ላልመጣ ረሃብ ሰንጠረዥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው። የስርዓተ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ በደህናው ቀን የክፉውን ቀን ዕቅድ አዘጋጃለሁ። መንገድ ቢዘጋ፣ ክረምቱ ቢከፋ፣ ሕፃናት ቢከሱ ለየትኛው ቀበሌ ምን ያህል አልሚ ምግብ ቀድሞ ይቀመጥ፣ ማን ያድርሰው፣ ማን ይረከበው፤ ይህን ሁሉ በመስመርና በዓምድ እከፋፍላለሁ። ሥራዬን ሳስረዳ ብዙ ሰው "ታዲያ ሳይመጣ ምን አስቸኮለሽ?" ይለኛል። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እያለ የሚተርተውም ይኸው ሰው ነው።

በዚያ ዓመት ግን እንዲህ ያለኝ አልነበረም። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ኔትወርክ የሚመጣው ሲያሻው ነው። ከባሕር ዳር የተጫነልን ስልሳ ካርቶን አልሚ ምግብ ዳንግላ ደርሶ ቆሟል፤ ማክሰኞ መንገዱ ለአንድ ቀን ይከፈታል ተብሏል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም። ይህ አልሚ ምግብ ከለውዝ የሚሠራ፣ በትንንሽ ፓኬት የታሸገ ነው። በደምሳሳው አንድ ካርቶን አንድ ክፉኛ የከሳ ልጅ ያነሣል። ስለዚህ ስልሳ ካርቶን ማለት ስልሳ ልጅ ነው። ስልሳ አንደኛው ልጅ ምን እንደሚሆን ዕቅዱ ውስጥ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት አስተባባሪ ቡድኑ ይሰበሰባል። የጤና፣ የግብርና፣ የውሃና የአደጋ መከላከል ሰዎች፣ ከሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የመጡ ባለሙያዎች፣ መንገድ የተከፈተላቸው የወረዳ ተወካዮችም አሉበት። እነሱ ያጸደቁትን ዝርዝር ይዞ ማክሰኞ መኪናው በየመንገዱ ያራግፋል። ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ዓርብ ከሰዓት ከየቀበሌው የመጣውን ያለፈውን ወር ሪፖርት እያየሁ ሞላሁት። ብዙ የከሱ ልጆች ላሉበት ብዙ፣ ጥቂት ላሉበት ጥቂት። ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ካለ አንድ ቀበሌ የመጣው ሪፖርት ዜሮ ይላል። እኔም ዜሮ ጻፍኩ።

እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። የተወለድኩበት ቀበሌ ነው። ጤና ይስጥልኝ ማለትን ከአማርኛ በፊት በአገውኛ የተማርኩበት ነው። ቄጠማው ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ አገር ነው፤ እንኳን ልጅ ጥጃ አይከሳበትም ብለን የምንመጻደቅ ሰዎች ነን። ነፍሱን ይማረውና አጎቴ "የእኛ ሰው የሰጠ እንጂ የተሰጠው የለም" ይል ነበር። ሰንጠረዡን ዘግቼ ለቅዳሜው ተዝካር የምለብሰውን ነጠላ ለማጠብ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ተዝካሩ የእሱ የአጎቴ ነበር፤ አርባ ቀን ሞልቶት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንገና መገንጠያ ድረስ በባጃጅ ሄድኩ፤ ከዚያ በእግር ነው። መገንጠያው ላይ የከሰል ጆንያ እንደ አጥር ተደርድሯል። ከላዩ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ከሥሩ ግን ዝናብ ጠጥቶ ጥቁር ውሃ ያንጠባጥባል። ከሰሉን ከየመንደሩ የሚያወርዱት የጭነት ፈረሶች ጀርባቸው ባዶ ሆኖ ሜዳው ላይ ይግጣሉ። ወይ ጉድ፣ ይህ ሁሉ ከሰል ነው ብዬ አለፍኩ። የምግብ እጥረት ባለሙያዋ እኔ፣ የማንቂያ ምልክቶችን ዝርዝር ለሌላው የማስተምረው እኔ፣ ጫማዬን ጭቃ እንዳይነካው ልብሴን ሰብስቤ አለፍኩ።

የአጎቴ ቤት ስደርስ ዳሱ ተጥሏል፤ ቀሳውስቱ ቦታ ይዘዋል፤ ሰው ሞልቷል። ጾም አልገባም፤ ሆኖም የታረደ ነገር የለም። ጠላው ቀጭን ነው። በእኛ አገር ሰው በሕይወቱ ቢቸገር እንኳ ተዝካሩ አይቸገርም፤ ዘመድ ተበድሮም ተለቅቶም ያወጣዋል። ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት የቀረበላቸውን እንጀራ ግማሹን በልተው ግማሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሲቋጥሩ አየኋቸው፤ እሳቸውም ሳያቸው አዩኝ፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ወደ ቄሶቹ መለስን።

የምታስተናግደው የአጎቴ ልጅ ናት። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አባቷን ስትጦር ከባሏ ጋር እዚያው ቤት ቀርታለች። ታላቁ ልጇ የአራት ዓመት ነው፤ ጉንጩ ደህና ነው፤ ዳሱ መግቢያ ላይ አስቀምጣዋለች። ትንሿ አልታየችም።

"ትንሿስ?" አልኳት በአገውኛ፣ ሌማት ይዛ ስታልፍ።

"ተኝታለች።"

እንደገና ስታልፍ ጠየቅኳት። አሁንም ተኝታለች አለችኝ። ሦስተኛ ስጠይቃት "አንቺ ደግሞ፣ የመጣሽው ለተዝካር ነው ወይስ ልጅ ልትቆጥሪ?" ብላኝ ሄደች። ሳቅኩና ዞር እስክትል ጠበቅኩ። ማንም ሳያየኝ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጓዳው ውስጥ እኔ ሳድግ የማውቀው ትልቅ የጭቃ ጎታ አለ፤ ገብስ የሚቀመጥበት። ልደገፈው እጄን ሳሳርፍበት ባዶ ጋን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ሰማሁ። ልጅቷ ከጎታው ጀርባ ቁርበት ላይ ተጋድማ ነበር። ዓይኗ ተገልጧል፤ አልተኛችም፤ ሆኖም ማንነቴን ለማየት እንኳ አልዞረችም። ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ፊቷ ወፍራም ይመስላል፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ደህና ናት ሊል ይችላል። እግሯን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ጣቴ ያረፈበት ቦታ እንደ ጎደጎደ ቀረ፤ ውፍረት ሳይሆን የረሃብ እብጠት ነው።

የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለው፤ ቀዩ ላይ ያረፈ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሕክምና መጀመር አለበት። የእሷ ክንድ ቀዩ ውስጥ ርቆ ገብቷል። እንደገና ለካሁት፤ ያው ነው።

የአጎቴ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ሌማቱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቤ፣ ይህን ሁሉ ዓይን ሰብስቤ እሷን ላውጣት?" አለችኝ። "የከሳ ልጅ አደባባይ አይወጣም። አንቺ ይህን አታውቂም?"

"ልጆች በተለኩበት ቀንስ? ጤና ኬላ ለምን አልወሰድሻትም?"

"ከየቤቱ ልጅ ይምጣ፣ ያላመጣ ቤት ይመዘገባል ተባለ። ታላቁን ወሰድኩት። ሁሉም ለሰው ዓይን የሚሆነውን ነው የወሰደ።"

አውቅ ነበር። ያናደደኝ ይኸው ነው፤ አውቅ ነበር። እኔ ራሴ ከሲታ ልጅ ነበርኩ። ለክትባትና ለሚዛን ሰዎች ሲመጡ እናቴ እህቴን አዝላ ትወጣ ነበር፤ እኔን ጓዳ ትደብቀኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ይህን እየሳቀች፣ እንደ ብልሃት ነው የነገረችኝ። ተምሬ፣ ሠልጥኜ፣ ሰው አሠልጥኜ፣ ከዚህ ቀበሌ ዜሮ ሲመጣልኝ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እናቴ ትዝ አላለችኝም። በራሴ አፈርኩ። ዛሬም አፍራለሁ።

"እህሉስ የት ሄደ?" አልኳት ጎታውን እያየሁ።

"የምን እህል? ማሳውን ሁሉ የከሰል ዛፍ፣ ዲከረንስ አላለበስነው? ዛፉን ቆርጠን አክስለን፣ ከሰሉን ሸጠን እህል ከገበያ እንገዛ ነበር። የከሰል መኪና ከቀረ ይኸው ሦስተኛ ወሩ። ዛፍ አይበላ።"

የኔ ዕቅድ ዝናብ ይከታተላል፣ የሰብል ቁመና ይከታተላል፣ የተምች ወረራ ይከታተላል። ለዚህ አገር ሁሉም ደህና ነው ይላል፤ አረንጓዴ ነውና። ዝናቡም ዘንቧል፤ ዛፉም ለምልሟል። የከሰል መኪና ቀረ የሚል መስመር ሰንጠረዡ ውስጥ የለም። ለምለም አገር ላይ ሰው ይራባል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ እኔም አልገመትኩም።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዳሱ ውስጥ ነበረች። የዳንግላ ልጅ ናት፤ አገውኛ አትሰማም፤ ከመጣች ዓመት ቢሆናት ነው። ክንዷን ይዤ ከዳሱ ጀርባ ወሰድኳትና ንዴቴን በሙሉ እሷ ላይ አራገፍኩት። እንዴት ዜሮ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ እንዴት አንድ ቤት እንኳ ገብተሽ አታዪም አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ያላየሽውን አትጻፊ ብለው ያሠለጠኑኝ እርስዎ ነዎት" አለችኝ። "ያመጡልኝን ሁሉ ለክቻለሁ። አንድም ቀይ አልነበረም። ቤት ለመግባት ሞክሬያለሁ፤ መዝገብ ይዤ ሲያዩኝ በሩ ላይ ቡና ጠጪ ይሉኛል፣ ከበሩ አያሳልፉኝም። የሚነጋገሩትን አልሰማም። ምን ልጻፍ?"

ይቅርታ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ያን ቀን አላልኳትም። ልጅቷን ወደ ጤና ኬላ እንውሰዳት ስል ደግሞ እዚያ ያለው አልሚ ምግብ ካለቀ ሁለት ወሩ እንደሆነ ነገረችኝ። ዜሮ ለሚል ቀበሌ ማን ይልካል? በእጇ የነበረውን ፀረ ተሕዋሲያን ሽሮፕ ጀመረችላት፤ ምግቡ ግን የሚገኘው ዳንግላ የቆመው መኪና ላይ ነበር።

አሁን የቀረኝ አንድ ቀን ነው። ሰኞ ስብሰባው ላይ ይህ ቀበሌ ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ማክሰኞ መኪናው መገንጠያውን አልፎ ይሄዳል፤ የአጎቴ ልጅ ልጅ ደግሞ ቀጣዩን መኪና አትጠብቅም። ስንት ካርቶን ልጠይቅ? አንድ ልጅ አይቻለሁ። ስንት ጎታ ጀርባ ስንት ልጅ እንዳለ አላውቅም። ከሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት እንሂድ ስል የአጎቴ ልጅ ከለከለችኝ።

"አንቺ የመንግሥት ጫማ አድርገሽ፣ እሷ መዝገብ ይዛ፣ ማን በሩን ይከፍትላችኋል? ጥብጣቡን ስጪኝ።"

"አንቺ ምን ብለሽ ትገቢያለሽ?"

"ነገ ዕቃ መላሻ ነው።"

ለተዝካር ሲደገስ የአንድ ቤት ዕቃ አይበቃም፤ ሌማቱ፣ ምንቸቱ፣ ጋኑ፣ ሰፌዱ ከጎረቤት ይሰበሰባል። በማግስቱ የሟች ቤት ሴቶች ዕቃውን አጥበው ለየባለቤቱ ይመልሳሉ። ያን ቀን ለእነሱ የማይከፈት በር የለም፤ እስከ ጓዳ ይዘልቃሉ፤ ዕቃው የሚቀመጠው ጓዳ ነው። እኔ ስንት ሥልጠና ወስጄ ያላሰብኩትን እሷ ሌማት እያጠበች አሰበችው። አለካኩን በራሷ ልጅ ክንድ ላይ አሳየኋት። በየቤቱ እናቲቱ ራሷ እንድትለካ፣ የአጎቴ ልጅ ቀለሙን ብቻ እንድታይ ተስማማን።

"ስም አልጽፍም" አለችኝ። "ስም ከጻፍኩ ሐሜት ነው።"

"ታዲያ እንዴት ታስታውሻለሽ?"

ከማጀት እፍኝ ባቄላ አምጥታ በመቀነቷ ቋጠረች። ቀይ ባየች ቁጥር አንድ ባቄላ ወደ ሌላው ቋጠሮ ታዛውራለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዕቃውን ከባሏ እኅት ጋር ተሸክመው ወጡ። ዝናብ ሲጥል አርፍዶ ከዚያ አባራ። እኔ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስኳር የበጠበጥኩበትን ውሃ በማንኪያ አጠጣት ነበር። ሁለት ማንኪያ ትውጣለች፣ ሦስተኛውን ታፈሰዋለች። ጸሎት አዋቂ አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን እመብርሃንን አሰለቸኋት። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ የአጎቴ ልጅ ተመለሰች። ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርሷል። መቀነቷን ፈትታ ባቄላውን መዳፌ ላይ ዘረገፈችልኝ።

ዘጠኝ ነበር።

"የእኔን አልጨመርኩም" አለች። "የእኔን አንቺ አይተሻል።"

ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ላይ ከሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ። ሰብሳቢያችን የአደጋ መከላከል ሰው ናቸው፤ የዳንግላ ተወላጅ፣ ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሰንጠረዡን ካሳየሁ በኋላ ማሻሻያ አለኝ ብዬ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ከሰሉን፣ ጎታውን፣ የተደበቁትን ልጆች። አሥር ካርቶን ጠየቅኩ።

"ማስረጃ?" አሉኝ ጋሼ።

ባቄላዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። አንዱ ከትከት ብሎ ሳቀ። ከግብርና የመጣው ባለሙያ ያ አካባቢ ትርፍ አምራች ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን አስታወሰን። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ባቄላውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"የትውልድ ቀበሌሽ አይደለም እንዴ ይሄ?"

"ነው። አንዷ ልጅ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ልጅ ናት።"

"ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" አሉ፤ ሰውም ሳቀ። በፈገግታ ነው ያሉት፤ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ፊቴ ጋለ። ተነሣሁ። ያልኩትን ሁሉ አላስታውሰውም፤ ድምፄ እንደ ጮኸ ግን አስታውሳለሁ። ለሰንጠረዥ ሲባል ልጅ አይቀበርም አልኩ። ዜሮ የጻፍነው ልጅ ስለሌለ ሳይሆን ስላላየን ነው፤ ያላየነውን የለም እያልን ዕቅድ አለን እንላለን አልኩ። ትንሽ ቁጥር ባየን ቁጥር ሄደን መጠየቅ አለብን አልኩ። እኔ ራሴ ጥፋተኛ ነኝ፤ ከፈለጋችሁ ጻፉብኝ፤ ካርቶኑን ግን ስጡኝ አልኩ። ተናግሬ ተቀመጥኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ስልሳው ተደልድሎ አልቋል። አሥሩ ከየት ይነሣ?"

እያንዳንዱ የራሱን ቀበሌ እያሰበ አንገቱን ደፋ። ብዕሩ እኔ እጅ ነው። ዓምዱን ከላይ ወደ ታች ወረድኩበት። ከጫግኒ ቁልቁል ላለ አንድ ቆላ ቀበሌ በወባ ወቅት ልጆች ስለሚዳከሙ አሥራ ሁለት ካርቶን ይዤለት ነበር። ያለፈው ወር ሪፖርቱ ግን ሁለት ልጅ ብቻ ይላል። ከዚያ የመጣ ሰው ስብሰባው ላይ አልነበረም፤ መንገዱ ስለተዘጋ መምጣት አልቻሉም።

"ከዚህ" አልኩ። "ለእነሱ ሁለት ይበቃቸዋል።"

የተቃወመ የለም። ጋሼ ፈረሙ። ሰውም እፎይ ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ።

ማክሰኞ ከማለዳ ጀምሬ ዘንገና መገንጠያ ቆምኩ። የአጎቴ ልጅ ባል ሁለት የጭነት ፈረስ ይዞ መጥቷል። ረፋዱ አለፈ፤ መኪና የለም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ የለም። ከዳንግላ በኩል የመጣ አንድ ሚኒባስ ሾፌር መንገዱ ሊዘጋ ነው መሰለኝ ብሎን አለፈ። የልጅቷ አባት ከሰሉ ላይ ተቀምጦ የፈረሶቹን ልጓም ሲፈታና ሲያስር ዋለ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የጭነት መኪናው ዳገቱን ሲያቃስት ሰማነው። ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም፤ አሥሩን ካርቶን ወርውሮልን ሄደ። የከሰሉን ፕላስቲክ ገፍፈን ካርቶኖቹን ሸፈንን፤ ፈረሶቹ ላይ ጭነን በዝናብ ውስጥ ወጣን።

ጤና ኬላው ውስጥ ሠራተኛዋ ትጠብቀን ነበር። የአጎቴ ልጅ ልጇን አዝላ መጥታለች፤ በቀን፣ በሰው ፊት፣ ፊቷን ሳትሸፍናት። ደንቡ ልጁ ምግቡን መብላት መቻሉ መጀመሪያ እንዲታይ ያዛል። እምቢ ካለ በአፍንጫ የሚመገብበት ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ሆስፒታል ለመድረስ ደግሞ እኔ ባጃጅ አልነበረኝም፤ ፈረስ ነው ያለኝ። ሠራተኛዋ ፓኬቱን ቀድዳ ለእናቲቱ ሰጠቻት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። እንደገና ሞከረች፤ አፏን ገጠመች። እናቷ በአገውኛ የሆነ ነገር ሹክ አለቻት፤ ጣቷን ቀብታ ከንፈሯን አስነካቻት። ልጅቷ ላሰችው። ቆየት ብላ የእናቷን ጣት ያዘችና ወደ አፏ ሳበችው። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ሠራተኛዋንም ያን ጊዜ ነው ይቅርታ ያልኳት።

እስከ ማግስቱ የቀሩት ዘጠኙም መጡ። አንዷ እናት ልጇን ስታመጣ ሌላዋ ደፈረች። ረቡዕ መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ጠፋ። ሰኔን በሙሉ ወሬ የሚደርሰኝ በእግረኛ ነበር። የልጅቷ የእግር እብጠት ጎደለ፤ ሳቀች፤ ግድግዳ ይዛ ቆመች እያሉ ይነግሩኛል። ዕቅዳችን ውስጥ ስለ ከሰል መኪና አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ስለ ዕቃ መላሻም ጻፍኩ። ጋሼ አንብበው "አሁን ዕቅድ መሰለ" አሉኝ። ኩራት ተሰማኝ። መዋሸት አልፈልግም፤ በጣም ነው ኩራት የተሰማኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ኔትወርክ መጣና ስልኬ ጠራ። ከጫግኒ ቁልቁል ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ከዚያ በፊት ተነጋግረን አናውቅም። ሰላምታውን አሳጠረችው።

"የላካችሁልን ሁለት ካርቶን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያለቀው" አለችኝ። "እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ልጅ መጥቶልናል። እያካፈልን አበላናቸው። ሦስቱ አልተረፉም።"

የቢሮዬን በር ዘጋሁ። "የሚያዝያ ሪፖርታችሁ ሁለት ነበር እኮ የሚለው" አልኳት።

"ልጆቹን የምትለካው ባለሙያ በወባ ወድቃ ነበር። ሁለት ቀን ብቻ ነው የሠራች፤ በሁለት ቀን ሁለት ልጅ አገኘች። ሪፖርቱ ላይ ጽፋዋለች፤ ማስታወሻ የሚለው ቦታ ላይ።"

ሪፖርቱ መደርደሪያው ላይ ነበር። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አወጣሁት። ከታች፣ በትንሽ ጽሕፈት፣ ተጽፏል። ያን ዓርብ ቁጥሩን ብቻ ነበር ያነበብኩት።

"መጀመሪያ አሥራ ሁለት ተይዞላችሁ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች ነርሷ። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ታዲያ ማነው የቀነሰብን?"

ቡድኑ ነው ልላት እችል ነበር፤ ጋሼ ፈርመዋል፤ ስብሰባው አጽድቋል። "እኔ ነኝ" አልኳት። "ቁጥራችሁ ትንሽ ስለነበር።"

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እሺ" አለች። "አሁን ስንት ልትልኩልን ትችላላችሁ? ስምንቱ እዚሁ ናቸው።"

መጋዘኑ ባዶ ነበር። ይህንንም ነገርኳት።